የተረፉት 6 ቡሎኖች

ውድ የምክር ዓምድ፣

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ወንዱ 8 ዓመቱ ነው፤ ሴቷ ባለፈው ወር 5 ሞላት። ከ12 ቀን በኋላ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ለእሷ አንድ ክፍል መልቀቅ ስላለብን ልጆቹን አንድ ላይ ልናደርጋቸው ተስማማንና ኦንላይን በ270 ዶላር ተደራራቢ አልጋ አዘዝን። የጥድ እንጨት ነው የተባለው፤ ተበታትኖ በሁለት ካርቶን መጣ።

ባለቤቴ የማታ ፈረቃ ይሠራል። ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ገብቶ ቁርሱን እንኳ በቅጡ ሳይበላ ጀመረው። ላግዝህ ብለው “ልጆቹን ያዢልኝ” አለኝ። 6 ሰዓት ፈጀበት። ቀዳዳና ቀዳዳ አልገጥም ሲለው ሁለቱን ቡሎኖች በመዶሻ እየመታ ሲያስገባ ሰምቻለሁ። ርብራቡን በድሪል ሲያስር ደግሞ ሦስቱ ጣውላዎች ጫፋቸው ተሰነጠቀ። ሲጨርስ 4 ረጃጅምና 2 አጫጭር ቡሎኖች ወለሉ ላይ ተርፈው አገኘሁ። “ትርፍ አድርገው ነው የሚልኩት” አለኝ።

አልጋው በእጅ ሲነኩት ይወዛወዛል። ልጄ መሰላሉን ሲወጣ ሲጥ ሲጥ ይላል። “ይሄ ፈርሶ እንደገና መሠራት አለበት” ስለው ፊቱ ተለዋወጠ፤ “እንግዲያው ሠሪ ቅጠሪ” ብሎኝ ገብቶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ የአልጋው ነገር በቤታችን አይነሳም። ልጆቹ መቼ ነው የምንተኛበት እያሉ ይነዘንዙኛል፤ ትንሿ “ላይ የምተኛው እኔ ነኝ” ብላ ወስናለች። ከድሮው አልጋቸው ያነሳነውን 10 ኢንች ፍራሽ ላዩ ላይ አድርገንበታል። ዝም ብል ለልጆቼ እፈራለሁ፤ ብናገር ባለቤቴን አስቀይማለሁ። ምን ይሻላል ትላላችሁ?

ግራ የገባት እናት

እህቴ፣

ፍርሃትሽ የእናት ጭንቀት ብቻ አይደለም። የጻፍሽው ምልክት ሁሉ አልጋው ገና እንዳልተገጠመ ይናገራል። ስለዚህ እስኪስተካከል ድረስ ላይኛው ላይ ማንም አይውጣ፤ ከሥሩም ማንም አይተኛ። ይህን ከያዝሽልን ሌላው ሁሉ ጊዜ አለው።

ባለቤትሽ ግን ዝም ብሎ አልተቆጣም። ሌሊቱን ሠርቶ የገባ ሰው፣ እንቅልፍ ሳይቀምስ 6 ሰዓት ከማይገጥም እንጨት ጋር ታግሎ ሲጨርስ “ፈርሶ ይሠራ” ቢባል ምን ይሰማዋል? አንቺ የተናገርሽው ስለ አልጋው ነበር፤ እሱ የሰማው ስለ ራሱ ነው። እስቲ አንድ ነገር አስቢ፤ ያስቀየመው አስተያየትሽ ነው ወይስ የተነገረበት ሰዓት? ወይስ 270 ዶላሩ ባክኖ ይቀራል የሚል ስጋት አለበት? መልሱን ከኛ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የምትጀምሪበትም ቃል በዚያው ይወሰናል።

ለንግግሩ የሚረዳሽ አንድ እውነት አለ። የዚህ አልጋ ጥፋት አብዛኛው የባለቤትሽ አይመስለንም። በዚህ ዋጋ የሚሸጡ ተገጣጣሚ አልጋዎች ከለስላሳ እንጨት ነው የሚሠሩት፤ ቀዳዳቸው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ስቶ ሲመጣ ብርቅ አይደለም። በዚያ ላይ መመሪያቸው ብዙ ጊዜ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሥዕሉም ደቃቃ። ጥበበኛ አናጢም ቢሆን ብቻውን፣ ደክሞትና እየቸኮለ ቢይዘው እዚያው ላይ ይሳሳታል።

ወደ ተረፉት 6 ቡሎኖች እንምጣ፤ ምስጢሩ እነሱ ጋ ነው። አምራቾች ትርፍ ይልካሉ ያለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚልኩት ብዙ ጊዜ ከትንንሹ ዕቃ አንድ ሁለት ፍሬ ነው፤ ቪቴ፣ የእንጨት ካስማ፣ ሮንዴላ (ከቡሎኑ ራስ ሥር የምትገባው ቀለበት)። እኩል ርዝመት ያላቸው 4 ረጃጅም ቡሎኖች ሲተርፉ ግን የአልጋው ማዕዘን 4 መሆኑን አስታውሺ። በብዙዎቹ ተደራራቢ አልጋዎች የጎኑ አግዳሚ በየማዕዘኑ ከቋሚው ጋር የሚያያዘው በ2 ቡሎን ነው። አንዱ ብቻ ከገባ አግዳሚው በዚያች በአንዷ ቡሎን ላይ እንደ ማጠፊያ ይዞራል፤ የምታይው መወዛወዝም ሲጥታውም በትክክል ይህንን ይመስላል። ሁለቱ አጫጭሮች ደግሞ የመሰላሉ ጫፍ ወይም የላይኛው መከለያ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግምታችንን ለማጣራት የመመሪያውን የመጀመሪያ ገጽ ክፈቺና የቡሎኖቹን ዝርዝር እዪ። እያንዳንዱ ዓይነት በፊደልና በቁጥር ተጽፏል። የተረፉትን በማስመሪያ ለኪ፤ ርዝመታቸው የሚቀራረብ ቡሎኖች በዓይን ሲያዩዋቸው ሊምታቱ ይችላሉ፤ በእርግጠኝነት የሚለዩት በማስመሪያ ነው። ምናልባት አጭሩ በረጅሙ ቦታ ገብቶ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ዳዶውን የያዘው በሁለት ጥርስ ብቻ ነው፤ ጠብቆ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም።

ቀዳዳዎቹ አልገጥም ማለታቸውም ሁለት የተለያየ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የሚለየው በልኩ ነው። የሳተው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ከሆነ የፋብሪካው አሰራር ነው። አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ከሆነ ግን ጣውላው ተገልብጧል፣ ወይም የግራው ቋሚ በቀኙ ቦታ ቆሟል። አግዳሚ በውስጥ ጎኑ ርብራቡ የሚያርፍባት ቀጭን ዘንግ አለችው፤ ያቺ ዘንግ ከመሃል ወደ ታች ወርዳ መሆን ሲገባት ወደ ላይ ከሄደች፣ የተለጠፈው ፊደል ምንም ይበል ምን፣ ጣውላው ተዘቅዝቋል ማለት ነው። ተለጣፊው ራሱ በስህተት ሌላ ጣውላ ላይ ተለጥፎ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ፊደሉን ብቻ ከማመን ቀዳዳዎቹን ከሥዕሉ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

በመዶሻ ስለገቡት ሁለቱ ቡሎኖች ደግሞ እንንገርሽ። አግዳሚው ውስጥ በጎን በኩል የምትገባ፣ ትንሽ በርሜል የምትመስል ክብ ዳዶ አለች። ጀርባዋ ላይ የካቻቢቴ መስመር ተቆርጦባታል። መስመሩ የሚያሳየው የጥርሱ ቀዳዳ ወዴት እንደሚያይ ነው። በርሜሏ ትንሽ ከዞረች ቡሎኑ ከቀዳዳዋ ይልቅ ከጎኗ ጋር ይላተማል፤ ሰው ደግሞ “እንጨቱ ጠቦ ነው” ብሎ መዶሻ ያነሳል። መፍትሔው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ መስመሩ ላይ አስገብቶ፣ ቡሎኑን በሌላው እጅ በቀስታ እያዞሩ፣ ጥርሱ እስኪይዝ ድረስ በርሜሏን ማቃናት ነው። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ “ላግዝህ” ያልሽው ቁም ነገር ነበር። የተመቱት ቡሎኖች ወጥተው ጥርሳቸው ይታይ። ተጨፍልቆ ከሆነ በዚያው ርዝመት አዲስ ግዙ፤ በነዚህ አልጋዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ኤም 6 (6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) ነው፤ የግንባታ ዕቃ መደብሮቹ ሆም ዲፖም ሆነ ሎውስ በፍሬ ይሸጡታል። አንዱን ለናሙና ይዞ መሄድ ከስህተት ያድናል።

እንግዲህ ባለቤትሽን እንዴት ታናግሪዋለሽ? ቅዳሜ ያልሽውን አትድገሚ። ተኝቶ ከተነሳ በኋላ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ቡሎኖቹንና መመሪያውን ይዘሽ ሂጂ። “ይሄውልህ፣ 4ቱ ረጃጅሞች የየማዕዘኑ ሁለተኛ ቡሎን ይመስላሉ። በርሜሎቹ ዞረው ነው መሰለኝ ያስቸገሩህ። እሁድ አንድ ላይ እንየው?” በይው። ይህ ማባበያ እንዳይመስልሽ፤ የሆነው ይኸው ነው። ክርክሩ ከ“ማን አበላሸው” ወጥቶ “የትኛው ቡሎን የት ነው” ላይ ያርፋል። እምቢ ካለ ደግሞ ጠይቂው፤ “ልጃችን ላይ ወጥቶ ሲተኛ አንተ ሥራ ላይ ሆነህ ልብህ ያርፋል?” ብለሽ በክፋት ሳይሆን በእውነት። ከዚያ ጊዜ ስጪው። አንድ ቀን ቢያስብበት አልጋው የትም አይሄድም።

ከመፍታታችሁ በፊት የመመለሻ ቀኑ መቼ እንደሚያልፍ ትዕዛዙ ላይ እዩ፤ ካርቶኑንም አትጣሉ። የተሰነጠቁትን ጣውላዎች፣ የሳቱትን ቀዳዳዎችና አልጋው ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱ። ሻጩ ጋ ስትጽፉ “አልጋው መጥፎ ነው” ከማለት “የዚህ ሞዴል ክፍል ‘ሐ’፣ 3 ፍሬ፣ ተሰንጥቋል” ዓይነት ቃል ነው ቶሎ መልስ የሚያመጣው። ክፍሉን በፊደሉ ጥቀሱ።

ሥራውን ከዜሮ መጀመር አይጠበቅባችሁም፤ ማዕዘኖቹን ማላላት በቂ ሊሆን ይችላል። ዋናው ደንብ አንድ ነው፤ ሁሉም ቡሎን ቦታው ላይ ሳይገባ አንዱም አይጠብቅ። አንዱን ማዕዘን መጀመሪያ አጥብቆ መጨረስ ሌሎቹን ቀዳዳዎች ከቦታቸው ያሸሻቸዋል፤ “አልገጥም” የሚባለው ጣጣ ግማሹ ከዚህ ይመጣል። የእንጨት ካስማዎቹ በቅድሚያ ይግቡ፤ ክብደቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ቡሎኑ የሚስበውና የሚይዘው ነው። ከዚያ ሁሉንም ቡሎን በጣት ብቻ አስገቡ፣ በርሜሎቹን አቃኑ፣ ሮንዴላውን አትርሱ። ቡሎኑ በጣት ሦስት አራት ዙር ካልገባ ጥርሱ አልያዘም፤ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና መሞከር ነው። አሁንም ቀዳዳው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ከሳተ፣ ቋሚው ላይ ያለውን ቡሎኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ብቻ በ5/16 ኢንች ፑንታ ማስፋት ይቻላል፤ የቡሎኑ ራስና ሮንዴላው ይሸፍኑታል። በርሜሏ የምትገባበት ቀዳዳ ግን አይነካም፤ እሱ ከሰፋ መያዣ የለውም።

ከማጥበቃችሁ በፊት ላይኛውን አልጋ በሜትር ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ለኩት፤ ከዚያ ሌላውን ሰያፍ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ፣ ከ1/4 ኢንች በላይ ከተለያዩ፣ አልጋው ተንጋዷል። ረጅሙን ሰያፍ ከሁለቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋ ስታደርጉት ይመለሳል። ያኔ በታጠፈችው ባለስድስት ማዕዘን መፍቻ በየተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር፣ ማዕዘን እየቀያየራችሁ አጥብቁ። ድሪል ለዚህ አይሆንም። የጥድ እንጨት ለስላሳ ስለሆነ ድሪሉ የቡሎኑን ራስ ወደ ውስጥ ያሰምጠዋል፤ ሮንዴላው እንጨቱን መጫን ሲጀምር ማቆም ነው።

ርብራቡን ያሰነጠቀውም ይኸው ድሪል ነው። ቪቴ ከጣውላ ጫፍ አጠገብ፣ ቀድሞ ቀዳዳ ሳይበሳለት በሙሉ ኃይል ሲገባ እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ይፈልጠዋል። በ3/32 ፑንታ ትንሽ ቀዳዳ ቀድመው ቢበሱና ቪቴውን በእጅ ካቻቢቴ ቢያስገቡት አይሰነጠቅም። ሦስቱን ጣውላዎች አትጠግኗቸው። ሻጩ እስኪልክ ጊዜ ካጠራችሁ እንጨት ቤት “1 በ4” የሚሉትን የጥድ ጣውላ (ስሙ 1 ይበል እንጂ ውፍረቱ 3/4 ኢንች ነው) በርብራቡ ልክ አስቆርጡ፤ ዓይን ወይም ጉጥ የሌለበትን ምረጡ። ስትገጥሙ የራስጌውንና የግርጌውን ጣውላ አስቀድሙ፣ ቀጥሎ የመሃሉን፣ ከዚያ ሌሎቹን። ሳይታሰር የሚቀመጥ ርብራብ አይኑር፤ ልጅ ሲገላበጥ ይንሸራተትና ፍራሹን ይዞ ይወርዳል።

ምን ይጠገናል፣ ምን አይጠገንም? በዚህ ላይ ጥብቅ ነን። የመሳቢያ ወይም የጌጥ ቪቴ ቀዳዳው ላልቶ ከሆነ በኮላ የተነከረ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጠቅጥቆ፣ አንድ ቀን አድርቆ፣ እንደገና መብሳት ይበቃል። የጎኑ አግዳሚ፣ ርብራቡ የሚያርፍባት ዘንግ፣ ቋሚው፣ የላይኛው መከለያና መሰላሉ ግን ከተሰነጠቁ በኮላ አይታመኑም። ከነዚህ አንዱ ስንጥቅ ካለበትና ሻጩ ካልተካው አልጋው ይመለስ።

አሁን ወዳልጠየቅሽን ነገር እንለፍ፤ እኛን ከመወዛወዙ ይልቅ ያሳሰበን ፍራሹ ነው። በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ደንብ የላይኛው መከለያ ከፍራሹ የላይኛው ገጽ ቢያንስ 5 ኢንች ከፍ ማለት አለበት። ከርብራቡ እስከ መከለያው አናት ለኪ። ለምሳሌ 12 ኢንች ቢሆን፣ 10 ኢንች ፍራሽ ሲገባበት የሚቀረው 2 ብቻ ነው፤ ይህ የተኛ ልጅ ተገላብጦ የሚያልፈው ነው። ስለዚህ ያ ፍራሽ ታች ይሁን፤ ለላይ ቀጭን፣ ልኩ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ግዢ፤ ለብዙዎቹ አልጋዎች 6 ኢንች አካባቢ ነው። መከለያ በሁለቱም ጎን ይኖራል፣ በግድግዳው በኩልም ጭምር። የግድግዳው በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ በሌላው በኩል ለመሰላሉ የሚተወው ክፍተት ከ15 ኢንች አይበልጥም። በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 3 ተኩል ኢንች የሆነ ነገር የሚያሳልፍ መሆን የለበትም፤ የልጅ ሰውነት አልፎ ራሱ የሚጠመደው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ትንሿስ? ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው ላይ አይተኛም፤ አልጋው ላይ መለጠፍ ያለበት ማስጠንቀቂያም ይህንኑ ይላል። 5 ዓመቷ ነውና አንድ ዓመት መጠበቅ አለባት። እንዲያው “አይሆንም” ብቻ ከምትያት የታችኛውን የሷ ብቻ አድርጊላት። በግድግዳው በኩል አንሶላ በመያዣ አያይዘሽ የራሷ ጎጆ ሊሆን ይችላል፤ ገመድና ቀበቶ ግን የትኛውም አልጋ ላይ አይንጠልጠል። “6 ስትሞይ ከወንድምሽ ጋር ትነጋገራላችሁ” በያት። ቀኑ የታወቀ ነገር ለልጅ ይቀላል። ወንድሟም ላይ ሆኖ እንዳይዘል፣ እሷም በቀን መሰላሉን እንዳትወጣ መነገር አለበት። መሰላሉ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ቀን ቀን አንሺው።

ተገጥሞ ሲያልቅ ልጅ ከመውጣቱ በፊት ዕቃ ይውጣ። ቤታችሁ የ25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ካለ አራቱን ላይኛው ርብራብ መሃል ደርድሩ፤ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ክብደት አይለፍ እንጂ 100 ፓውንድ ለ8 ዓመት ልጅ ከበቂ በላይ ፈተና ነው። ከሥሩ ማንም ሳይሆን ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በማዕዘኖቹ የስልክ መብራት አብርታችሁ እዩ፤ አግዳሚውና ቋሚው መካከል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ከተከፈተ ያ መገጣጠሚያ አልያዘም። ካልተከፈተ አልጋውን በእጅ ነቅንቁት። ትንሽ መነቃነቅ ከወለሉ ሊሆን ስለሚችል ውኃ ልክ አስቀምጡበት፤ ከአንዱ እግር ሥር ቀጭን ጎማ ማስገባት ይበቃ ይሆናል። አልጋውን ከግድግዳ ጋር ማሰር ከፈለጋችሁ ቪቴው ድራይዎሉን (የግድግዳውን የጂፕሰም ልባስ) ሳይሆን ከጀርባው ያለውን የእንጨት ቋሚ ይያዝ፤ ብዙ ጊዜ በየ16 ኢንቹ ነው የሚገኘው። ተከራይ ከሆናችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ማሰሩ ግን የላላ መገጣጠሚያን ማካካሻ አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉንም ቡሎን አንድ ጊዜ አጥብቁ። ክረምት ገብቶ ማሞቂያው ሲከፈት እንጨቱ ይደርቅና ይኮማተራል፤ ያኔ እንደገና ይላላል። መፍቻዋን ከአልጋው ራስጌ ሥር በፕላስተር መለጠፍ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ካልተለጠፈች በሚቀጥለው ቀን አትገኝም።

12ቱ ቀን ሊያስጨንቅሽ ይችላል፤ ጣውላው ባይደርስስ፣ አልጋው ቢመለስስ? እናትሽ ክፍሏ ይዘጋጅ፣ የልጆቹ ሁለቱ ፍራሾች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ይነጠፉ። ወለል ላይ ስለተኙ አያትየው ሳይደሰቱ አይቀሩም፤ ማታ ተረት ለመንገርም ይመቻቸዋል። ዛሬ ማታም እዚያው ወለሉ ላይ ይተኙ። 6ቱን ቡሎኖች በላስቲክ አድርገሽ ከመመሪያው ጋር አስቀምጪያቸው፤ ለእሁድ ይፈለጋሉ።